መሣሪያው ለመምህሩ ምን ይተውለታል?
በዕጩ መምህራን የትምህርት ቴክኖሎጂ ሥልጠና ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ወደ ትምህርት ቤት ሲደርስ መምህራን ይተቹታል። ምሳሌው ከአካባቢው ኑሮ ራቀ፣ መልመጃው በዛ፣ ቋንቋው ለክፍሉ ከበደ ይላሉ። በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልክ የሚመጣ ትምህርት ሲሆን ግን ጥያቄው ይለወጣል። መብራት አለ ወይ? ድምፁ ይሰማል ወይ? ምስሉ ከኋላ ለተቀመጠው ተማሪ ይታያል ወይ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን የሚጠይቁት ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ትምህርቱ አይደለም። መጽሐፍን ለመመርመር የሚበቃ አእምሮ መሣሪያ ፊት ሲቀርብ ስለምን ዝም እንደሚል መጠየቅ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ግዴታ ነው።

ዕጩ መምህራን ስለ ክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ የሚማሩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በኮሌጅ የሚሰጠው ኮርስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኮርሱ ያልነካውን ከሌሎች መምህራን ተሞክሮ እየተከታተሉ መልቀም ነው። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ዕውቀት በአመዛኙ የአጠቃቀም ዕውቀት ነው፤ ይኸውም መሣሪያው እንዴት ይበራል፣ ከየት ይገኛል፣ ምን ያሳያል የሚለው ነው። ይህ ዕውቀት አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን መምህር አያደርግም። እያንዳንዱ የተዘጋጀ ትምህርት በውስጡ የሌላ መምህር ውሳኔ አለበት። የትምህርቱን ፍጥነት፣ የጥያቄውን ዓይነት፣ የማስረጃውን ቋንቋ፣ የምሳሌውን ስፍራ አስቀድሞ የወሰነ ሰው አለ። ዕጩው መምህር ከሁሉ በፊት ሊማረው የሚገባው እነዚህን ውሳኔዎች ለይቶ ማንበብንና የራሱ ድርሻ የሆነውን መልሶ መረከብን ነው።

ሬዲዮ የተወው ሥራ

ነገሩን ከአቃቂ መጀመር ይቻላል። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘውና ዛሬ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አካል የሆነው ይህ አካባቢ በፋብሪካዎቹ ይታወቅ እንጂ በሬዲዮ ታሪክም ስም አለው። በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቃቂ ጣቢያ ለኢትዮጵያ የሬዲዮ አገልግሎት መነሻ ሆኗል፤ በኢጣሊያ ወረራ ዋዜማም የአገሪቱ አቤቱታ ለውጭው ዓለም የተሰማው በእርሱ በኩል ነበር። ይሁን እንጂ ድምፅን ከሩቅ የሚያመጣው መሣሪያ የመማሪያ ክፍልን ደጃፍ እስኪያልፍ ድረስ ብዙ ዓመታት ወስዷል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ዝግጅት ብዙም ሳይቆይ ተከተለ። ከከተማ ለራቁት ትምህርት ቤቶች ግን ዋናው መንገድ ሬዲዮ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በሬዲዮ ታግዟል።

የትምህርት ሬዲዮ ጉድለት ለሁሉም ግልጽ ነው። ድምፅ ብቻ ነው፤ ካለፈ አይመለስም፤ የተማሪውን ፊት አያይም። ዳሩ ግን ይህ ጉድለቱ ሳይታሰብ አንድ ጥቅም ሰጥቷል። ሥዕል የማያሳይ ስለሆነ ሰሌዳው የመምህሩ ሆኖ ቀረ። ከስርጭቱ በፊት አዲሶቹን ቃላት ማስተዋወቅ፣ በስርጭቱ ጊዜ ክፍሉን መከታተል፣ ከስርጭቱ በኋላ ያልገባውን መመለስና ማለማመድ የግድ በመምህሩ ላይ ወደቀ። ሬዲዮው ብቻውን ትምህርቱን ሊጨርስ ስላልቻለ መምህሩን ፈለገው።

የዚያው ዘመን የፔዳጎጂ ማዕከላትም በሌላ በኩል ተመሳሳይ ነገር ያስተምራሉ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየአውራጃውና በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት እነዚህ ማዕከላት መምህሩ በአካባቢው ከሚገኝ ነገር የመርጃ መሣሪያ እንዲሠራ ያበረታቱ ነበር። የጠርሙስ ቆርኪ መቁጠሪያ ሆነ፤ ካርቶን የፊደል ገበታ፣ ሸክላ የመሬት አቀማመጥ ማሳያ ሆነ። የማዕከላቱን ሥራ ማጋነን አያስፈልግም። ለተቆጣጣሪ ብቻ ታይቶ ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ የለበሰ ሠንጠረዥ ጥቂት አልነበረም። ሆኖም መሣሪያውን የሚሠራ መምህር ከመሥራቱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት፤ ተማሪው ያልገባው ነገር ምንድን ነው? በተዘጋጀ መሣሪያ ዘመን መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ጥያቄ ነው።

ፕላዝማና የክፍለ ጊዜው ባለቤት

እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት በኢትዮጵያ የትምህርት ቴክኖሎጂ ታሪክ ትልቁ ሙከራ ነው። በሕዝቡ ዘንድ በማሳያው ስም ፕላዝማ ተብሎ የታወቀው ይህ መርሐ ግብር ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚሰጡ ትምህርቶችን በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅተው፣ በአንድ ሰዓት በመላ አገሪቱ ያሰራጭ ነበር። የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛው፣ 30 ደቂቃ ያህል፣ የስርጭቱ ነበር። ለክፍሉ መምህር የቀረው በመግቢያውና በመዝጊያው ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ።

የመርሐ ግብሩን በጎ ጎን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የተቀመጠ ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲካሄድ አይቷል። በአዲስ አበባ መካከል ያለው ትምህርት ቤትና በጠረፍ ያለው ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ይዘት በአንድ ቀን አግኝተዋል። የትምህርቱ ይዘት አዋቂ በሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ ነበር። ዕቅዱን ያወጡት ወገኖች የያዙት ስጋትም እውነተኛ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፍጥነት ሲስፋፋ ብቁ መምህር በዚያው ፍጥነት አይገኝም።

ሂሱ የሚጀምረው ትምህርቱ ራሱ እንደ ድርሰት ሲነበብ ነው። በመጀመሪያ ፍጥነቱን ማየት ይገባል። በሒሳብ ትምህርት አቅራቢው ጥያቄ ያወጣል፤ ለመሥሪያ የተወሰነ ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ መልሱ ይመጣል። ተማሪው ጨረሰም አልጨረሰም መልሱ ይመጣል። ጊዜውን የወሰነው ሰው ያንን ክፍል አይቶት አያውቅም፤ ክፍሉን የሚያየው መምህር ደግሞ ጊዜውን ማቆም አይችልም። ሁለተኛው ጥያቄው ነው። ተማሪ ቢጠይቅ የሚሰማው የለም፤ ስለዚህ ጥያቄ የአንድ ወገን ሥራ ሆነ፤ ጠያቂውም መላሹም ማሳያው ነው። ሦስተኛው ቋንቋው ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የመጀመሪያ ደረጃን የተማረ ልጅ የትምህርቱን ሐሳብ፣ የእንግሊዝኛውን ቃልና ያልለመደውን አነጋገር በአንድ ጊዜ እንዲከታተል ተጠየቀ። አራተኛው ስፍራው ነው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚነገር ምሳሌ የማንም መንደር ምሳሌ ሊሆን አይችልም። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ያ ትምህርት ያልፋል፤ ነገ የሚመጣው ተከታዩ ነው።

በዚያ ዘመን መምህራን ሥራቸው ማሳያውን ማብራትና ማጥፋት ብቻ ሆነ እያሉ ያሰሙ የነበረው ቅሬታ የክብር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ተወስዷል። ነገሩ ግን ከክብር ያለፈ ነበር። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ መምህር የሚሆን ሰው ማስተማርን የሚማረው ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት፣ ተማሪ ሆኖ መምህራንን ሲመለከት በቆየባቸው ብዙ ዓመታት ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ በፕላዝማ ዘመን 9ኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ማስተማርን እንዴት ተመለከተ? ገለጻ የሚመጣው ከግድግዳ ነበር፤ መምህሩ በጎን ቆሞ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙዎቹ እኩዮቹ መምህራን ናቸው፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ዕጩ መምህራንን ያሠለጥናሉ። ስርጭቱ እንደ ቀድሞው የክፍለ ጊዜው ገዥ ባይሆንም ያስተማረው ልማድ ገና አልወጣም፤ ዕውቀት ከመሣሪያው ይመጣል፣ የመምህሩ ድርሻ ማገናኘት ነው የሚል ልማድ ነው።

ከሌሎች አገሮችና ከወንጪ

ይህ መንገድ በኢትዮጵያ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ሳሞአ ቴሌቪዥን የመደበኛው ትምህርት እምብርት እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ድርሻው እየቀነሰ ሄደ። አይቮሪ ኮስት እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቷን በቴሌቪዥን ላይ አቁማ ከዐሥር ዓመት ጥቂት ከፍ ካለ ጊዜ በኋላ ተወችው። ላሪ ኩባን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ስለ መምህራንና ስለ መሣሪያዎች በሚናገር መጽሐፉ ፊልም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ያለፉበትን መንገድ ሲመረምር አንድ ዑደት አግኝቷል። መጀመሪያ ታላቅ ተስፋ ይነገራል፤ ቀጥሎ አጠቃቀሙ አነስተኛ መሆኑ ይታወቃል፤ በመጨረሻ ጥፋቱ በመምህሩ ላይ ይጣላል። መምህሩ ግን መሣሪያውን ወደ ጎን ያደረገው ብዙ ጊዜ በስንፍና ሳይሆን፣ መሣሪያው የክፍሉን እውነተኛ ችግር ስላልፈታለት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 በኦሮሚያ፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ የተደረገው ሙከራ ደግሞ መምህሩን ጨርሶ አስቀርቷል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚለው ዓላማው የታወቀው ድርጅት ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌቶችን በሣጥን እንደታሸጉ፣ ያለ አስተማሪ ሰጠ። ልጆቹ ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን በራሳቸው ማስነሣታቸውና ፊደላትን መዘመር መጀመራቸው በድርጅቱ በኩል በዓለም መድረክ ተነገረ። ልጆቹ ብልሆች መሆናቸው የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስፈልገው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ፊደልን የዘመረ ልጅ ያነበበውን ነገር መረዳቱን ማን ይጠይቀዋል? ሲሳሳት ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ማን ያያል? መሣሪያ የማወቅ ጉጉትን ሊቀሰቅስ ይችላል። የተሳሳተውን ልጅ አሳብ ተከትሎ እስከ ሥሩ መሄድ ግን እስከ ዛሬ የመምህር ሥራ ነው።

ከግድግዳው ወደ ኪስ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ-19 ምክንያት ሲዘጉ በአዲስ አበባ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ወደ ተማሪዎች እንዲደርስ ተሞክሯል። ከዚያ ወዲህ የመምህሩ ዋና የትምህርት መሣሪያ በግድግዳ ላይ ካለው ይልቅ በኪሱ ያለው ሆኗል። የዕለት ትምህርት ዕቅድ፣ የፈተና ጥያቄ፣ የተቀረጸ ገለጻ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ዕጩ መምህራንም ከየትኛውም ኮርስ ይበልጥ ከዚህ ይማራሉ።

የስልኩ ትምህርት ከፕላዝማው በአንድ ነገር ይሻላል፤ ሊቆም፣ ሊደገም፣ ሊቆረጥ ይችላል። ጊዜው ወደ መምህሩ ተመልሷል ማለት ነው። ሆኖም ማቆም መቻል መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ አይደለም። ከዚህም በላይ በመምህራን መካከል የሚዘዋወረው ተሞክሮ አንድ የተፈጥሮ ጉድለት አለው፤ የተሳካው ይነገራል፣ ያልተሳካው ዝም ይባላል። አንድ መምህር በሠላሳ ተማሪ ክፍል የሠራለትን ዘዴ ሲያካፍል የክፍሉን ብዛት አይጠቅስም። ተቀባዩ ዕጩ ያንኑ ዘዴ በፈረቃ በሚማር፣ በተጨናነቀ ክፍል ሞክሮ ሲከሽፍበት ጉድለቱን በራሱ ላይ ያሳብባል። መከታተል ጥሩ ነው፤ ያለ መመርመር መከታተል ግን የፕላዝማውን ልማድ በትንሽ ማሳያ መቀጠል ነው።

አንድ ትምህርት በአቃቂ ወንዝ አጠገብ

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ዕጩ መምህር በአቃቂ ቃሊቲ ለተግባር ልምምድ ተመድቦ ስለ ውሃ ብክለት ሊያስተምር ነው እንበል። በስልኩ ጥሩ የተቀረጸ ትምህርት አለው፤ ምስሉ ጥርት ያለ፣ ገለጻው የተስተካከለ ነው። የሚያሳየው ግን በሌላ አህጉር ያለ ወንዝን ነው። ከትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይርቅ ደግሞ የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ ያልፋል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ በእምቦጭ አረም ተወርሯል። በሌላ በኩል ለአዲስ አበባ ከሚቀርበው የመጠጥ ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይቀዳል። የወንዙ ቀለምና ሽታ ለክፍሉ ተማሪዎች አዲስ አይደለም።

የአጠቃቀም ዕውቀት ብቻ ያለው ዕጩ ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳያል፤ ከዚያም ምን ተማራችሁ ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎቹ የቪዲዮውን ቃል ይመልሱለታል፤ እርሱም ትምህርቱ ተሳካ ይላል። ቪዲዮውን እንደ ድርሰት የመረመረው ዕጩ ግን በመጀመሪያ አንድ ነገር ይለያል፤ ዐይን የሚያየውንና የማያየውን። የወንዙን መቆሸሽ ለማሳየት ማሳያ አያስፈልግም፤ ተማሪው ያውቀዋል። በውሃው ውስጥ ያለውን ረቂቅ ሕዋስ፣ ንጥረ ምግብ በበዛበት ውሃ አረም የሚፋፋበትንና ኦክስጅን የሚያንስበትን ሂደት ግን ዐይን አያይም፤ ቪዲዮው ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ዕጩው ትምህርቱን ከወንዙ ይጀምራል። እምቦጭ በሐይቁ ላይ ስለ ምን በዛ ብሎ ይጠይቃል። የተማሪዎቹን ግምት፣ የተሳሳተውንም ጭምር፣ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከቪዲዮው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ የሚሆነውን ክፍል ብቻ ያሳያል፤ ድምፁን ቀንሶ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል። ከዚያም ወደ ሰሌዳው ተመልሶ የትኛው ግምት እንደጸና፣ የትኛው እንደወደቀ ያስመረምራል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ትምህርቱ አይጠፋም፤ የሚጎድለው አንድ ማስረጃ ነው።

ሁለቱም ዕጩዎች አንድ መሣሪያ ተጠቅመዋል። በብዙ የተግባር ልምምድ መገምገሚያ ቅጽ ላይ የሚገኘው የመርጃ መሣሪያ አጠቃቀም የሚለው መስመር ለሁለቱም እኩል ነጥብ ሊሰጥ ይችላል፤ ምናልባትም ማሳያውን ረዥም ጊዜ ላበራው አብልጦ ይሰጣል። ሥልጠናው የሚዘነጋው ነገር ተጠራቅሞ የሚታየው በዚህች አንዲት መስመር ላይ ነው።

ለሥልጠናው የሚበጀው

አንዳንድ የዕቅድ ባለሙያዎች ደካማ መምህር ባለበት ክፍል የተዘጋጀ ትምህርት ቢያንስ ዝቅተኛውን ደረጃ ይጠብቃል ይላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ይህ አባባል ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የማስረዳት፣ የመጠየቅና ፍጥነትን የመመጠን ችሎታ ካልሠሩበት የሚደርቅ ነው። መሣሪያው በደካማው ምትክ እንዲሠራ የተደረገበት መምህር በዐሥረኛው ዓመት ይበልጥ ደካማ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ መሣሪያው ቢበላሽ የሚተካው አይኖርም።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች በማሠልጠኛ ተቋማት ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ የትምህርት ቴክኖሎጂ ኮርስ በዕቃው አያያዝ ከመጀመር ይልቅ በተዘጋጁ ትምህርቶች ሂስ ቢጀምር ይሻላል። ዕጩዎች አንድ የሬዲዮ፣ አንድ የቴሌቪዥንና አንድ የስልክ ትምህርት ጎን ለጎን ይዘው ፍጥነቱን ማን ወሰነ፣ ጥያቄውን ማን ጠየቀ፣ ቋንቋው ለማን ነው፣ ምሳሌው የየት ነው እያሉ በጽሑፍ ይመርምሩ። በየሜዳው የሚያገኙትን ተሞክሮም በዚሁ ሚዛን መዝነው፣ በራሳቸው ክፍል ሲሞከር የሆነውን፣ የከሸፈውንም ጭምር፣ በመዝገብ ያስፍሩ። ሁለተኛ፣ የተግባር ልምምድ መገምገሚያው መሣሪያ መኖሩን ሳይሆን ዕጩው ከመሣሪያው ምን እንደወሰደ፣ ምን እንደተወና ስለምን እንደተወ ይጠይቅ። ቪዲዮ ይዞ መጥቶ ሳያሳይ የቀረ ዕጩ ምክንያቱን ካስረዳ ነጥብ ሊያገኝበት ይገባል። ሦስተኛ፣ ዕጩው እያንዳንዱን ትምህርት ያለ መሣሪያም ለማስተማር ተዘጋጅቶ ይግባ፤ ይህም መሣሪያን ለመጥላት ሳይሆን መሣሪያው በእርግጥ የጨመረው ምን እንደሆነ እንዲያውቅ ነው።

እነዚህ ሐሳቦች አዲስ ግዢ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አሠልጣኙ ከዕጩዎቹ ጋር ተቀምጦ፣ የተቀረጸውን ትምህርት በየደቂቃው እያቆመ፣ እዚህ ላይ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብሎ እንዲጠይቅ ነው። ይህን ጥያቄ ደጋግሞ የተጠየቀ ዕጩ በአቃቂም ሆነ በሌላ ስፍራ ሲመደብ፣ በኪሱ የሚመጣለትን ማንኛውንም አዲስ ነገር ከመቀበሉ ወይም ከመጣሉ በፊት ለክፍሉ ልጆች ምን እንደሚያደርግ ለመመርመር ይበቃል።